ታይፔን ላለማድነቅ የተደረገ ጉዞ

ሰው አገር የሚወደው መቼ ነው ብትሉኝ፣ ሌላ አገር ሲደርስ ነው እላችኋለሁ። የትውልድ አገርን ተዉት፤ እሱን መውደድ ከእናት ጡት ጋር የሚመጣ ነው፣ ማንም አይመሰገንበትም። እኔ የምለው ያንን ሁለተኛውን ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ እያማረርን የኖርንበትን፣ ብርዱን የረገምንበትን፣ ጎረቤቱን "እነዚህ ሰዎች የሚስቁትም በቀጠሮ ነው" እያልን ያማንበትን አገር። ያንን አገር ለመውደድ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ትቶት መሄድ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያሉት አበው ልክ ናቸው። ያልነገሩን ነገር ቢኖር መዳቡ ተመልሶ ወርቅ እንዲሆን ስንት ሰዓት በአውሮፕላን መቀመጥ እንዳለብን ነው።

ባለቤቴን ጥሩወርቅን ውሰዱ። ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ስንኖር ሐይቁ ደጃችን ነበር። ሰው ከየዓለሙ እየመጣ ፎቶ የሚነሳበትን፣ ከሐይቁ መሀል ወደ ሰማይ የሚወረወረውን ውሃ "የፈነዳ ቧንቧ" ነበር የምትለው። በኋላ እኔ ዙሪክ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሥራ አገኘሁና ከዙሪክ ጥግ ያለችው ዲቤንዶርፍ ገባን። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ያ የፈነዳ ቧንቧ ወደር የሌለው ጌጥ ሆኖ አረፈው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥሩወርቅ ዙሪክን በጄኔቭ ስትመታ ኖረች። የጄኔቭ ዳቦ፣ የጄኔቭ ፀሐይ፣ የጄኔቭ ሰው ሰላምታ። እኔ ዝም ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

ይቺው ጥሩወርቅ ባለፈው ጥቅምት ታይፔ ላይ ቆማ ስለ ዙሪክ እንደ ጠበቃ ስትሟገት በዓይኔ በብረቱ አየሁ። እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገራችሁ።

አንድ ልጅ አለችን፣ ብሌን። ጄኔቭ ተወልዳ ዲቤንዶርፍ ያደገች፣ የድልድይ መሐንዲስ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቷ ለአንድ ዓመት ብሎ ታይፔ ላካት። አንዱ ዓመት ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት ሆነ፤ እኛም ቀን መቁጠሩን ተውነው። መስከረም ላይ ደወለችና እንዲህ አለች።

"እማዬ፣ ፈርትራጌ ሊያልቅ ነው። ወይ እዚህ አዲስ ፈርትራግ እፈርማለሁ፣ አምስት ዓመት። ወይ ደግሞ ዙሪክ ቢሮ ቦታ አለ። ኦክቶበር መጨረሻ መልስ መስጠት አለብኝ። ከዚያ በፊት ኑና ከተማዬን እዩ፣ ጌል?"

ፈርትራግ ያለችው የሥራ ውሏን ነው። "ጌል" ደግሞ ዙሪኮች ከንግግራቸው ጫፍ ላይ የሚሰኳት "አይደል?" ናት፤ ልጃችን በአማርኛም ላይ ትሰካታለች። ጥሩወርቅ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማችው አንዲት ቃል ብቻ ነው። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

"ከተማዬን አለች" አለችኝ። ቀጥላም "ቲኬት ቁረጥ" አለች።

ልንደብቃችሁ አንችልም፣ ልጃችን እንድትመለስ እንፈልጋለን። ጥሩወርቅ ሥልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ደረጃ አልወድም ብሏል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከመስኮት ሆኜ ባቡር የምቆጥር ሰው ሆኛለሁ። ቤታችን ሁለት ሰው የሚኖርበት፣ ሦስት ወንበር ያለው ቤት ነው። ታዲያ "ነይልን" አትሏትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጥሩወርቅ በዚህ ጉዳይ አቋሟ የጸና ነው። "ልጅን ለምነው ካመጡት ቀሪ ዕድሜውን ሲቆጨው ይኖራል" ትላለች። "ከራሷ አፍ መውጣት አለበት። እሷ ልምጣ ካለች እሰየው፤ እኔ ግን ከአፌ አይወጣም።"

ለምና አታመጣትም፤ ነገር ግን መንገዱን ልትጠርግላት ቆርጣለች። ዙሪክ፣ ክሎተን አየር ማረፊያ ሻንጣችንን እንዳስረከብን እጄን ያዘችና ወደ አንድ ጥግ ወሰደችኝ። "አደራህን" አለችኝ። "እዚያ ስንደርስ ምንም ነገር እንዳታደንቅ። ባደነቅን ቁጥር አንድ ዓመት እንጨምርላታለን። አንተ ደግሞ አፍህ ቶሎ ነው የሚከፈተው።" እኔም አላደንቅም ብዬ ቃል ገባሁ። አያድርስባችሁ እንጂ፣ አለማድነቅ ምን ያህል አድካሚ ሥራ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ገና በመጀመሪያው ቀን፣ የምድር ውስጥ ባቡር እንደገባን፣ አንዲት ተማሪ ብድግ ብላ ወንበሯን በሁለት እጇ አሳየችን። "ኖር" ማለት ብቻ ነው የቀራት። አጠገቧ ያለው ጎልማሳም ተነሣ። ጥሩወርቅ "በእግዜር" ብላ ልትመልስ አፏን ከፈት አድርጋ የነበረ ይመስለኛል፣ ግን ዓላማዋ ትዝ አላትና ዘጋችው።

"ደስ ይላሉ፣ ጌል?" አለች ብሌን።

"ዙሪክም ይነሣሉ" አለች እናቷ።

በዙሪክ ባቡር የተነሡልንን ሰዎች ላስታውስ ሞከርኩ። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ወራጆች ነበሩ። ይሄን ግን አልተናገርኩም።

በማግስቱ መቶ አንድ ፎቅ ካለው ሕንጻ ላይ አወጣችን። ሊፍቱ ሲፈጥን ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሲከፈት ከደመና በታች ያለው ከተማ ሁሉ ከእግራችን ሥር ተዘርግቷል። ታይፔ ጎድጓዳ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አረንጓዴ ኮረብቶች ዙሪያዋን እንደ መሶብ ክፈፍ ይዘዋታል፤ ከኮረብቶቹ ወዲህ የሰው ብዛት፣ ከወዲያ ዛፍና ጉም ብቻ። እኔ "እግዚኦ" ማለቴን የሰማሁት ጥሩወርቅ ክንዴን ስትቆነጥጠኝ ነው።

"ጭጋግ አለው" አለች ጥሩወርቅ። "ኢትሊበርግ ላይ ወጥተሽ ስታዪ በረዷማው ተራራ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታይሽ።"

"እማዬ፣ አንቺ ኢትሊበርግ ወጥተሽ አታውቂም።"

"ሲወራ ሰምቻለሁ።"

እውነቷን ነው፤ የዙሪክን ተራራ ሃያ ስድስት ዓመት ከታች ነው ያየነው። ባቡር እስከ አፋፉ ይወጣል፤ እኛ ግን ነገ እንወጣዋለን እያልን ዕድሜያችንን ከሥሩ ጨረስን። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። የጥሩወርቅ ልብ የዲቤንዶርፍን ሦስተኛ ወንበር ብቻ ነበር የሚያየው፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ከተማ ከፊቷ ቆሞ አልታያትም።

አመሻሹ ላይ ብሌን ቤት ቁጭ ብለን ሳለ ከመንገዱ ዜማ ተሰማ። ጥሩወርቅ "ሰርግ አለ እንዴ?" አለች። ሰርግ አልነበረም። የቆሻሻ መኪና ነው። እዚያ አገር የቆሻሻ መኪና እየዘፈነ ይመጣል፤ ሰፈርተኛው ከረጢቱን አንጠልጥሎ እየሮጠ ይወጣል። ብሌንም በነጠላ ጫማ ከረጢቷን ይዛ ወረደች። እኛ ከመስኮት ሆነን አየናት። አሮጊቶቹ ከበቧት፣ አንዱ ሽማግሌ ከረጢቷን ተቀብሎ ወረወረላት፣ አንዲቷ ደግሞ ፀጉሯን ነካ አድርጋ የሆነ ነገር አለቻትና ሁሉም ሳቁ። ልጃችን ከት ብላ ስትስቅ ካየን ብዙ ጊዜ ሆኖናል። በዲቤንዶርፍ ሕንጻችን ከጎረቤት ጋር የሚያገናኘን ከምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የልብስ ማጠቢያ ተራ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በጽሑፍ ነው።

"ቆሻሻ ለመጣል ይሄን ያህል መሣቅ ምን ይሉታል" አለች ጥሩወርቅ። ድምፅዋ ግን ቀጠን ብሏል። ፈርታለች። ተራራውና ፎቁ አላስፈራትም፤ ያቺ ፀጉሯን የነካች ሴትዮ አስፈራቻት።

በሦስተኛው ቀን ከከተማዋ በስተሰሜን ወዳለው ኮረብታ ወስዳን ፍል ውሃ ዳር አስቀመጠችን። ድኝ ድኝ ይሸታል፣ እንፋሎቱ ከዛፎቹ መሀል ይወጣል፤ ሰዉ ሱሪውን ሰብስቦ እግሩን ነክሮ ተቀምጧል። ጥሩወርቅ እግሯን እስከ ጉልበቷ ከተተች።  ከዚያ ሳታስበው "እፎይ" የምትል ቃል አመለጠቻት። ብሌን በመጨረሻ አንድ ነገር ጠብ አለልኝ ብላ ዞር አለች።

"ጥሩ ነው እማዬ?"

"ውሃ ነው" አለች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ቅዳሜ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት አውሮፕላናችን ይነሣል። ሰኞ ማታ ብሌን ለመሥሪያ ቤቷ መልስ ትሰጣለች። እስካሁን ስለ ጉዳዩ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም፤ ሦስታችንም ስለ አየር ሁኔታ ስናወራ ነው የከረምነው፣ ለካስ በመጨረሻ ስዊሶች ሆነን ነበር።

ቅዳሜ የወሰደችን ሻይ ወደሚበቅልበት ኮረብታ ነው፣ በገመድ በሚሄድ ሳጥን። ሳጥኑ ወለሉ መስታወት ነው። ከሥራችን ጫካው፣ ገደሉ፣ የቤተ መቅደስ ጣሪያ እየተንሸራተተ ሲያልፍ እኔ ልጅ ሆንኩ። ጥሩወርቅ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና መስታወቱ ላይ አነጠፈችው። ገደሉን ከደነችውና ተረጋግታ ተቀመጠች።

ላይ ስንደርስ አንዲት ትንሽ የሻይ ቤት ያላቸው ሴትዮ ጋ ሄድን። ሰማንያ የሚሆናቸው፣ ሰፊ የቀርከሃ ባርኔጣ ያደረጉ ናቸው። ብሌን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ እየመጣች የሻይ ቅጠል ትለቅምላቸዋለች። "አማ" ትላቸዋለች፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። አማ እኛን ሲያዩ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወጡ፣ የብሌንን ጉንጭ ቆንጠጥ አደረጉ፣ ከዚያ ወደ ጥሩወርቅ ዞረው በእጃቸው ቅጥነት አሳዩ። ልጅሽ ከስታለች፣ አታበያትም ወይ ማለታቸው ነው። ጥሩወርቅ ይሄን ያለ አስተርጓሚ ገባት። እሷም በእጇ መልሳ፣ እኔስ ምን ላድርግ፣ እናንተ ጋ አይደለችም ወይ አለቻቸው።

ከዚያ ስኳር ድንች ተቀቅሎ ቀረበ። ጥሩወርቅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አይ፣ በልተን ነው የመጣን" አለች። ብሌን አስተረጎመች። አማ አልሰሙም፤ ሳህኑን አስጠጉት። "ኧረ በቃን፣ ጠግበናል" አለች ጥሩወርቅ። ብሌን ይሄንንም አስተረጎመች። አማ አንዱን ድንች አነሡ፣ እፍ እፍ ብለው ላጡት፣ በጥሩወርቅ መዳፍ ላይ አስቀምጠው ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉባት። "በሞቴ" ነው ያሉት፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም እንጂ። ጥሩወርቅም በላች። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሁለቴ እምቢ ማለት የእናቶቻችን ሥርዓት ነው። በመጀመሪያው ግብዣ የበላ ሰው ስግብግብ ነው፤ ሰው የሚበላው ሦስተኛው ላይ ነው። ጥሩወርቅ በተራዋ ከዙሪክ ያመጣችውን ቸኮላት አወጣች። አማ ሁለቴ ገፉት፣ በሦስተኛው ተቀብለው ሽርጣቸው ውስጥ ከተቱት። ሁለቱም ሴቶች እንደሚገባቸው የተከበሩ ሆነው ተቀመጡ።

ከሻይ ቤቱ ስንወጣ ቁልቁለቱ ላይ ጥሩወርቅ በእኔና በብሌን ክንድ ተደግፋ፣ በየደረጃው እየቆመች ነው የወረደችው። መሀል ላይ ለራሷ የምትናገር ይመስል "ሰው ናት" አለች። ከዚህ በላይ ሙገሳ በአማርኛ የለም። እኔን ያስገባችኝ ቃል በራሷ አፍ እዚያ ደረጃ ላይ ፈረሰ፣ እኔም ልቆነጥጣት አልደፈርኩም።

ስንመለስ ሳጥኑ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ብሌን ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጉልበቷን ታያለች።

"እማዬ፣ ጉልበትሽ ከመቼ ጀምሮ ነው እንደዚህ?"

"ትንሽ ነው። ብርድ ነው።"

 ብሌን እንደገና የተነጠፈውን ነጠላ እያየች "እኔ ልመለስ?" አለች። "ዙሪክ ቦታው አለ። ከፈለጋችሁኝ እመጣለሁ።"

ይኸው። ጥሩወርቅ አሥራ ሦስት ሰዓት የበረረችለት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እያየች የታወረችለት ነገር ከልጅቷ ከራሷ አፍ ወጣ።  ጥሩወርቅን አየኋት። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ኧረ ተይ ልጄ" አለች። "እኛ ምን ሆነን? ምን በወጣሽ። አንቺ ኑሮሽን ኑሪ።"

እኔ ምንም አልደነገጥኩም። ይሄ የመጀመሪያው እምቢታ ነው፣ የወግ ነው። አሁን ብሌን "አይ እማዬ፣ እውነቴን ነው" ትላለች፣ ጥሩወርቅ "የለም የለም" ትላለች፣ ብሌን "በቃ መጣሁ አልኩ" ትላለች፣ ሁላችንም እንላቀሳለን፣ ሳጥኑ ታች ይደርሳል። ጠበቅሁ። ብሌን እናቷን ትክ ብላ አየቻት።

"ኦኬ" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አልፈርድባትም። ጄኔቭ በገባን በመጀመሪያው ክረምት፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ባልቀመስንበት ቀን፣ ከላይ ፎቅ ያለችው ማዳም ትኩስ ምግብ በሳህን ይዛ በራችንን አንኳኳች። ጥሩወርቅ "ኖን፣ መርሲ" ብላ እምቢ አለች። ማዳም ፈገግ ብላ መልካም ምሽት ተመኘችልንና ሳህኗን ይዛ ወጣች። እኛ በሩን በትንሹ ገርበብ አድርገን ትመለሳለች ብለን ስንጠብቅ፣ የእርምጃዋ ድምፅ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሰማን። ብሌን የተወለደችው እነዚያ ሰዎች መሀል ነው። መዋዕለ ሕፃናት ያስተማሯት የመጀመሪያ ነገር፣ ሰው አይ ካለ አይ ነው፣ አትነካኪው የሚል ነው። ደግ ትምህርት ነው፣ እኔ በበኩሌ ምንም ቅሬታ የለኝም። ብቻ እናቷን አላስተማሯትም።

የቀረው መንገድ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ነበር። እኔ ልናገር አልችልም፤ እናት እምቢ ያለችውን አባት እሺ ቢል እናትየውን ማዋረድ ነው። ብዙ ትዳር የቆመው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ነገር የተበላሸውም በዚሁ ነው። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አንሥታ አራገፈችው፣ መታጠፍ የሌለበትን ነገር አራት ጊዜ አጠፈችው።

እሑድ አየር ማረፊያ፣ ጥሩወርቅ መጸዳጃ ቤት ስትገባ፣ ብሌን አጠገቤ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

"አባዬ፣ እማዬ አልፈለገችኝም፣ ጌል?"

በሕይወቴ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። እንደዚህ የወጋኝ የለም። "ምን አልሽ?" አልኳት። "አንቺን ብላ አይደለም ወይ ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣችው?"

"እሷ ናት አይ ያለችው።"

"ደግመሽ ጠይቂያት።"

"አይ ካለች በኋላ ደግሞ መጠየቅ ደስ አይልም አባዬ። መጫን ነው።"

"ተጫኛት" አልኳት። "አማ ድንቹን እንዴት እንዳበሏት አላየሽም?"

ልጅቷ መሐንዲስ ናትና ለአፍታ አሰላችው። ጥሩወርቅ ስትመለስ ፊት ለፊቷ ቆማ "እማዬ፣ ልመለስ?" አለቻት፣ ቀጥ ብላ፣ ፈተና እንደሚፈተን ሰው። ጥሩወርቅ ደግሞ ምን አለች መሰላችሁ። "ኧረ አይሆንም፣ በእኛ ምክንያት" አለች። ሁለተኛው መሆኑ ነው። ምን ላድርግ፣ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረው በስተርጅና አይለቁትም።

ብሌን ተሰበረች። ሦስተኛ እንዳለ እኔ አልነገርኳትም፤ ለመንገርም ጊዜ አልነበረም፣ የበረራችን ቁጥር ተጠራ። አቀፈችን፣ ሳመችን፣ እኛም ወደ ፍተሻው ገባን። አንድ ወጣት የጥበቃ ሠራተኛ ወረቀታችንን በሁለት እጁ ተቀብሎ በሁለት እጁ መለሰልን። ዐሥር እርምጃ ያህል እንደሄድን ጥሩወርቅ ቆመች።

"ሦስተኛውን አልጠየቀችኝም" አለች።

"አትጠይቅሽም" አልኳት። "አልፈለገችኝም ብላ እያለቀሰች ነው።"

ጥሩወርቅ አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን እጄ ላይ ጣለችና ወደ ኋላ ተመለሰች። በሰልፉ ላይ፣ ከሰው በተቃራኒ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ። ወጣቱ በትሕትና ሊያስቆማት እጁን ዘረጋ፤ እሷ እንደ አክብሮት ቆጥራው ጎንበስ ብላ ሰላም አለችውና በዚያው ጎንበስ እንዳለች በገመዱ ሥር አለፈች። ብሌን ገና እዚያው ቆማለች።

"እሺ" አለቻት። "እሺ ብያለሁ። ነይ። እፈልግሻለሁ፣ ነይልኝ።"

ይሄ ነው እንግዲህ ከአፌ አይወጣም ያለችው። በመላው አየር ማረፊያ ፊት ወጣ። በትዳር በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ጥሩወርቅ እንዲህ ስትለምን አይቼ አላውቅም፣ እኔንም ጨምሮ። ብሌን እየሣቀች አለቀሰች፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ፣ በእግዜር ስም ነው የምነግራችሁ፣ ያቺ ልጅ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"አይ እማዬ፣ ተዪው፣ ግድ የለም" አለች። "ደህና ነኝ እኔ። በእኔ ምክንያት አትጨነቂ።"

 ወጣቱ መጥቶ የጥሩወርቅን ክንድ በቀስታ ያዘና መልሶ አስገባት፤ አውሮፕላኑ የሚጠብቀው እኛን ብቻ ነበር።

ከታይፔ እስከ ዙሪክ፣ መሀል ላይ አውሮፕላን ስንቀይር ጭምር፣ የተነጋገርነው ስለዚያች "አይ" ብቻ ነው። እኔ የዙሪክ ናት አልኩ፤ አይ ካለች አይ ነው፣ አድገናል፣ ልጅቷ ኑሮዋ እዚያ ነው፣ የሚወዷት ጎረቤቶች አሏት፣ እሺ ብለን እንለፈው። ጥሩወርቅ አልተቀበለችም። "እጇን አላየህም?" አለች። "የት ነበር ያደረገችው?" ደረቷ ላይ ነበር። "ድምፅዋንስ አልሰማህም?" ሰምቻለሁ። የጥሩወርቅ ድምፅ ነበር። እንዲህም ሆኖ እርግጠኛ አልነበርኩም። አንድ ልጅ ሁለት አገር ሲያሳድገው፣ "አይ" ሲል የትኛው አገር እንደተናገረ ወላጁም አያውቅም።

ሰኞ ማለዳ ክሎተን ደረስን። ብርዱ ልክ እንደተውነው ነው። ሻንጣችን እስኪመጣ ቆመን ሳለ ሰዓቴን አየሁና ታይፔ አሁን እኩለ ቀን አልፏል፣ ማታ መልስ ትሰጣለች ብዬ አሰብኩ። ላጽናናት ፈልጌ "እንግዲህ እንግዲህ ነው፣ የቻልሽውን አድርገሻል" አልኳት።

ጥሩወርቅ መነጽሯን አደረገች፣ ስልኳን አወጣችና የብሌንን ስም ትፈልግ ጀመር።

"ምን አድርጌያለሁ?" አለችኝ። "ገና ሁለቴ ይቀረኛል።"